የሳዳኮ ካሴት ሆሊውድ ሲገባ፦ የ«ሪንጉ» ሪሜክ ምን ይዞ ተሻገረ፣ ምን ትቶ ሄደ?

በጃንዋሪ 1998 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ሁለት አስፈሪ ፊልሞች ተጣምረው ለእይታ ቀረቡ። አንዱ ሂዴኦ ናካታ ያዘጋጀው «ሪንጉ»፣ ሌላው ጆጂ ኢዳ ያዘጋጀው «ራሰን» ነበር። ሁለቱም የተወሰዱት ከኮጂ ሱዙኪ ልብ ወለዶች ሲሆን «ራሰን» የ«ሪንጉ» ተከታይ ነው። ተመልካቹ ግን የመጀመሪያውን አንሥቶ ሁለተኛውን ጣለው። «ሪንጉ» ከአፍ ወደ አፍ እየተወራ ሲሄድ «ራሰን» ተረሳ። ፕሮዲዩሰሮቹም «ራሰን» ጨርሶ እንዳልተሠራ ቆጥረው በ1999 ከናካታ ጋር ሌላ ተከታይ፣ «ሪንጉ 2»ን ሠሩ። የመጀመሪያው ፊልም ከወጣ አምስት ዓመት ሳይሞላው ታሪኩ በድሪምወርክስ ስቱዲዮ እጅ «ዘ ሪንግ» የሚባል ሪሜክ (እንደገና የተሠራ ፊልም) ሆኖ በእንግሊዝኛ ወጣ። የጃፓኑ ፊልም የተሠራው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ብዙም በማይርቅ ወጪ ነበር፤ የአሜሪካው 48 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ወደ 249 ሚሊዮን ዶላር አስገባ።

ስለ ሁለቱ ፊልሞች ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ «የትኛው ይበልጣል» ይዞራል። እኔ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ይህን ጉዳይ ደግሜ ደጋግሜ እንዳየው ያደረገኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ አንድ ታሪክ ካበቀለው አፈር ተነቅሎ ሌላ አገር ሲተከል የቱ አካሉ ይጸድቃል፣ የቱስ ይደርቃል? «ሪንጉ» ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። የእርግማኑ ሕግ ባሕሩን ተሻገረ፣ እርግማኑን የወለደችው ሴት ግን እዚያው ጃፓን ቀረች ብዬ አምናለሁ።

ፊልሞቹን ላላያቸው ሰው ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ምንነቱ የማይታወቅ የቪዲዮ ካሴት አለ። ያየው ሰው ወዲያው ስልክ ይደወልለታል፤ በሰባተኛው ቀን ይሞታል። የእህቷ ልጅ በዚህ መንገድ የሞተችባት አንዲት ጋዜጠኛ ነገሩን ስትከታተል ካሴቱን ራሷ ታየዋለች። ከዚያም ትንሹ ልጇ ያየዋል። ከቀድሞ ባሏ ጋር ሆና ቀኑ ሳይደርስ የካሴቱን ምንጭ ፍለጋ ትሮጣለች። መጨረሻ ላይ የሚያድነው ነገር ምን እንደሆነ ይገለጥላታል፤ ካሴቱን ኮፒ አድርጎ ለሌላ ሰው ማሳየት።

የቪዲዮ ቤት ዘመንን የሚያስታውስ አንባቢ የዚህን ሕግ ጉልበት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሁለት ዴክ አገናኝቶ ከካሴት ወደ ካሴት መገልበጥ፣ ኮፒው በኮፒ ሲባዛ ምስሉ እየደበዘዘ በረዶ እንደሚዘንብበት መሆኑ፣ አንድ ካሴት ስንት ቤት እንደዞረ ከጥራቱ መታወቁ፣ ይህ ሁሉ አዲስ አበባም ቶኪዮም ሲያትልም አንድ ነበር። የፍርሃቱ መሣሪያ በየሳሎኑ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። በሱዙኪ ልብ ወለድ ውስጥ ነገሩ ከዚህም አልፎ እርግማኑ ራሱን የሚያባዛ ቫይረስ ነው፤ በ1999 የወጣው የኮሪያ ሪሜክ «ዘ ሪንግ ቫይረስ» የተባለውም ለዚህ ነው።

ካሴቱ በታሪኩ ውስጥ የተገኘው በአጋጣሚ አይመስለኝም። የጃፓን አዲሱ አስፈሪ ፊልም ራሱ ያደገው በካሴት ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የጃፓን ኩባንያዎች ሲኒማ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ለኪራይ የሚሄዱ ርካሽ ፊልሞች መሥራት ጀመሩ። በ1991 ኖሪዮ ትሱሩታ የሚባል ዳይሬክተር በዚሁ መንገድ አጫጭር የሙት መንፈስ ታሪኮችን ሠራ። ገንዘብ ስለሌለ ደምም፣ ሜካፕም፣ ትልቅ ዘዴም የለም። ያለው ተራ ክፍል፣ ተራ መስኮት፣ ከኋላ ደብዘዝ ብሎ የቆመ ሰው ነው። ለ«ሪንጉ» ስክሪፕት የጻፈው ሂሮሺ ታካሃሺና ናካታ ይህን ትምህርት በደንብ ወስደውታል። እናም ስለ ካሴት የሚያስፈራውን ፊልም የሠሩት ካሴት እንዴት እንደሚያስፈራ ከቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሳዳኮ፣ የካሴቱን እርግማን ወደ ወለደችው የሙት መንፈስ፣ እንምጣ፤ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ልቤን የሚይዘው እሷ ናት።

በ«ሪንጉ» የሳዳኮ እናት ሺዙኮ የኢዙ ኦሺማ ደሴት ሴት ናት። የሚሀራ እሳተ ገሞራ እንደሚፈነዳ አስቀድማ በመናገሯ ስሟ ይወጣል። ኢኩማ የሚባል ዶክተር ወደ ከተማ አምጥቶ በጋዜጠኞች ፊት ችሎታዋን ሲያሳይ «አጭበርባሪ» ብለው ይጮኹባታል። በዚያች ቅጽበት አንዱ ጋዜጠኛ ተዝለፍልፎ ይወድቅና ይሞታል፤ የገደለችው ከመጋረጃ ጀርባ የነበረችው ትንሿ ሳዳኮ ናት፣ በሐሳቧ ብቻ። እናትየዋ በኋላ ራሷን እሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ትወረውራለች። ልጅቷን ደግሞ ኢኩማ ራሱ መትቶ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ይጥላታል።

ከዚህ ልብ ወለድ ጀርባ በእውነት የሆነ ነገር አለ። ቺዙኮ ሚፉኔ የምትባል የኩማሞቶ ሴት የተሸፈነን ነገር ታያለች ተብላ ስሟ ገንኖ ነበር። የቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ቶሞኪቺ ፉኩራይ በ1910 በምሁራን ፊት ፈተናት፤ ውጤቱ ጥርጣሬ ፈጠረ፤ ጋዜጦች ዘመቱባት። በ1911 መጀመሪያ ላይ መርዝ ጠጥታ ሞተች። ፉኩራይ ከዚያ በኋላ በሐሳቧ ፎቶ ታነሣለች ያላትን ሌላ ሴት አጠና፤ የዚያች ሴት ስም ሳዳኮ ታካሃሺ ነበር። እሳተ ገሞራውም የፈጠራ አይደለም። ሚሀራ በ1930ዎቹ ሰዎች ራሳቸውን የሚወረውሩበት ቦታ ሆኖ ስሙ የጠፋ ተራራ ነው። በ1986 ሲፈነዳ የደሴቱ ሕዝብ በሙሉ በመርከብ እንዲወጣ ተደርጓል። «ሪንጉ» ሲታይ ከዚያ ገና 11 ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር ያለፈው።

ፊትን የሚሸፍነው ጥቁር ፀጉርና ነጩ ልብስም ከሰማይ አልወረዱም። ነጩ የመቃብር ልብስ ነው። ተበድላ የሞተች ሴት ፀጉሯን ለቃ መመለሷ በካቡኪ ቲያትር ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ተጥላ በሌሊት ሳሕን የምትቆጥረው የገረዷ የኦኪኩ ታሪክ ደግሞ ከዚያም የቆየ ነው፤ በሂሜጂ ቤተ መንግሥት ግቢ ዛሬም «የኦኪኩ ጉድጓድ» ተብሎ የሚጎበኝ ጉድጓድ አለ። የጃፓን ተመልካች ሳዳኮን ሲያይ ያያት እንደ እንግዳ ጭራቅ አይደለም። የምትመጣበትን ምክንያት ከነበደሏ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ወደ አሜሪካ ሊሻገር አይችልም ነበር። ሻጩም ገዢውም ያን ያውቁታል። ሮይ ሊ የኮሪያ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ፣ በትምህርቱ የሕግ ሰው ነው። «ሪንጉ» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሳይታይ በካሴት ቅጂ እጅ ለእጅ በሚዞርበት ጊዜ ነገሩ ገባውና ፊልሙን ለድሪምወርክስ ሰዎች አቀረበ። የሪሜኩ መብት ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደተሸጠ በወቅቱ ተዘግቧል። የሮይ ሊ አካሄድ ቀላል ነበር፤ የእስያን ፊልም ለስቱዲዮ የሚያሳየው ተመልካች ዘንድ ቀርቦ የሠመረ፣ የተፈተነ ስክሪፕት አድርጎ ነው። ስቱዲዮው በወረቀት ላይ ከሚገምት ያለቀውን ፊልም አይቶ ይወስናል። በኋላ «ጁ-ኦን»ን ጨምሮ ሌሎች የእስያ ፊልሞች በዚሁ በር ገብተዋል።

ከዚህ የንግድ ሥራ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ድሪምወርክስ መብቱን ከገዛ በኋላ የአሜሪካ ተመልካች የናካታን ፊልም በሕጋዊ ዲቪዲ ያገኘው በ2003፣ ሪሜኩ ታይቶ ካለፈ በኋላ ነው። ዋናው ሥራ የኮፒው ማስታወሻ ሆኖ ወጣ። ለናካታም ለተመልካቹም ተገቢ አልነበረም።

ሪሜኩ ራሱ ግን የሰነፍ ሥራ አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ዳይሬክተሩ ጎር ቨርቢንስኪ፣ ስክሪፕቱን የጻፈው ኤረን ክሩገር፣ ጋዜጠኛዋን ሆና የተወነችው ናኦሚ ዋትስ ናት። ታሪኩን ዝናብና ጉም ወደማያጣት ሲያትል ወሰዱት። የካሜራ ባለሙያው ቦያን ባዜሊ ፀሐይ የሌለበት፣ አረንጓዴና ግራጫ ያጠላበት ዓለም ሠራ፤ ፊልሙን በሙሉ እርጥብ ግድግዳ እንደነኩ ሆነው ነው የሚያዩት። ከመውጣቱ በፊት የካሴቱን ምስሎች ያለ ምንም ርእስና ማብራሪያ በሌሊት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አድርገው አሳዩ፤ ከታሪኩ ጋር እንዲህ የሚስማማ ማስታወቂያ ብዙ አላውቅም። ኦክቶበር 18 ቀን 2002 ሲከፈት በመጀመሪያው የሳምንት መጨረሻ 15 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ በሁለተኛው 18.5 ሚሊዮን። አስፈሪ ፊልም በሁለተኛው ሳምንት ገቢው መውደቁ የተለመደ ነው። ይህኛው ማደጉ ያየው ሰው ሌላውን ጎትቶ እንዳመጣ ያሳያል፤ ልክ እንደ ካሴቱ።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ካሴቱ በሚመረመርበት ቦታ ነው። በ«ሪንጉ» ጋዜጠኛዋ ሬይኮና የቀድሞ ባሏ ሪዩጂ ካሴቱን እየመለሱ ሲሰሙ ከጩኸቱ ሥር የተቀበረ ድምፅ ያገኛሉ፤ በውኃ አብዝቶ የሚጫወተውን መንፈሱ ይመጣበታል የሚል ዓይነት አባባል። አነጋገሩ የኦሺማ ደሴት ዘዬ መሆኑ ይታወቃል፣ በዚያም ወደ ደሴቱ ይደርሳሉ። በሪሜኩ ናኦሚ ዋትስ በቪዲዮ መሣሪያ ምስሉን ወደ ጎን ገፋ ስታደርገው ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ የተደበቀ ነገር ብቅ ይላል፤ ለመርከቦች መብራት የሚያሳይ ማማ። ማማውን በመጻሕፍት ፈልጋ ደሴቱን ታገኛለች። ሁለቱም ትዕይንቶች ይሠራሉ። በጃፓኑ ግን ሰውን ወደ ሳዳኮ የሚመራው የአገሯ ሰው አንደበት ነው፤ በአሜሪካው የማሽን ቁልፍ ነው።

ሪዩጂም ላይ ያው ሆነ። በጃፓኑ ፊልም ሂሮዩኪ ሳናዳ የተጫወተው ሰው የሒሳብ መምህር ሲሆን ዕቃ ወይም ሰው ሲነካ ያለፈ ነገር የሚታየው ባለ ስውር ኃይል ነው፤ ስለዚህ ሳዳኮን ከሩቅም ቢሆን ይረዳታል። በአሜሪካው ኖህ የቪዲዮ ባለሙያ ነው፤ የሚጠይቀው ካሴቱ በምን እንደተቀረጸ ነው።

የሰባቱ ቀን ነገርም እንደዚሁ። ናካታ ሰባት ለምን እንደሆነ አይነግረንም፤ ቀኑ ተቆርጧል፣ በቃ። በሪሜኩ ሳማራ የምትባለው ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ከተጣለች በኋላ በሕይወት የቆየችው ሰባት ቀን ስለሆነ ነው። ሳማራ የፈረስ አርቢዎች የማደጎ ልጅ ናት፤ እናቷ ፊቷን በፕላስቲክ ሸፍና ጉድጓድ ውስጥ ትገፈትራታለች። ጋዜጦች ያዋረዷት እናት የለችም፣ ያመጻደቀና የጣለ ምሁርም የለም። ሳማራ ክፉ የሆነችው ለምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ፊልሙ መልሱን እሷው ውስጥ ይፈልጋል፤ የሳዳኮ ግን መልሱ በዙሪያዋ ባሉት ሰዎች ዘንድ ነው። ሴቲቱ እዚያው ቀረች ያልኩት ይህን ነው።

ይህ ማለት ግን አሜሪካኖቹ ከራሳቸው ምንም አልጨመሩም ማለት አይደለም። ወደ ደሴቱ በሚሄደው ጀልባ ላይ ፈረሱ ሲበረግግ፣ ከታሰረበት ወጥቶ በመኪኖች መካከል ሲጋልብና ባሕር ውስጥ ሲዘል፣ ውኃውም ከጀልባው ኋላ በደም ሲቀላ የሚታይበት ትዕይንት በጃፓኑ የለም። አንድም ሰው አይሞትም፣ አንድም መንፈስ አይታይም፤ እኔ ግን ከሪሜኩ በሙሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። ከተነቀለው ሥር ይልቅ አዲሱ አፈር ያበቀለው ነገር ጠንክሮ ወጣ።

ሁሉም ሰው የሚያስታውሰውን የቴሌቪዥኑን ትዕይንት ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በ«ሪንጉ» ሪዩጂ ጠረጴዛው ላይ ሥራውን ይዞ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ በራሱ ይበራል። ጉድጓዱ ይታያል። እጅ ይወጣል፣ ከዚያ ሳዳኮ። ቀስ እያለች ትቀርብና ከመስታወቱ ትወጣለች። የተወነችው ሪዬ ኢኖ ነበረች፤ ወደ ኋላ እየሄደች ተቀርጻ ፊልሙ ተገልብጦ ስለተጫወተ እርምጃዋ የሰው እርምጃ አይመስልም። ጥፍሮቿ ተነቅለዋል፤ ከጉድጓዱ ለመውጣት ስትቧጥጥ የኖረች መሆኗን ከዚያ እንረዳለን። ፊቷ እስከ መጨረሻው አይታይም። በፀጉሩ መካከል አንድ የተገለበጠ ዓይን ብቻ ይታያል፤ ያም ዓይን ሽፋሽፍቱን አስወግዶ የተቀረጸ የአንድ የቀረጻ ቡድኑ አባል ነበር። ሌላ ዘዴ የለም።

በሪሜኩ ሳማራ ስትወጣ ውኃው ከቴሌቪዥኑ አብሯት ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ ሰውነቷ እንደተበላሸ ሥርጭት ይቆራረጣል፤ በአንድ ጊዜ ክፍሉን አቋርጣ ኖህ ፊት ትደርሳለች። መቆራረጡ ግሩም ሐሳብ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ቆማም አሁንም ካሴት መሆኗን ያሳያል። በመጨረሻ ግን ሪክ ቤከር የሠራው የበሰበሰ ፊት ይገለጣል። ፊቱ ሲታይ ጥያቄው አበቃ። የሳዳኮ ዓይን ግን እኔን እስከ አልጋዬ ተከትሎኛል።

ወደ ማብቂያው ስንመጣ ሁለቱም እናቶች ሕጉን ይረዱታል፤ ልጅ እንዲድን ሌላ ሰው ማየት አለበት። ሬይኮ የቪዲዮ ዴኳን መኪናዋ ላይ ጭና ለአባቷ ትደውላለች፤ ስለ ልጁ አንድ የምትለምነው ነገር እንዳለ ትነግረዋለች። ከዚያ ትነዳለች። ልጁን ለማዳን የምትከፍለው ወላጅ አባቷን ነው፤ እኛም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች። በአሜሪካው ልጁ ኮፒውን ሲያደርግ እናቱን ይጠይቃታል፤ የምናሳየው ሰው ምን ይሆናል? መልስ የለም። ይህን ማብቂያ ተማሪዎች ሆይ አስቡበት እንደሚል የፈተና ጥያቄ ሳይሆን እንደ እውነተኛ የሕፃን ጭንቀት አድርገው ስለሠሩት አከብረዋለሁ። ግን ተጠቂው ስም የለሽ ሆኗል። በጃፓኑ ስም አለው፣ አያት ነው፣ ስልኩን አንሥቷል።

ከዚህ በኋላ ሆሊውድ ወደ ቶኪዮ ጎረፈ። የ2004ቱ «ዘ ግራጅ» የራሱን መንገድ ያዘ፤ ጃፓናዊው ታካሺ ሺሚዙ የራሱን «ጁ-ኦን» በሳም ሬይሚ ፕሮዲዩሰርነት፣ እዚያው ቶኪዮ፣ በአሜሪካዊ ተዋንያን ሠራው። 10 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ወደ 187 ሚሊዮን አስገባ። ታሪኩ የሚያጠነጥንበትን የተረገመ ቤት ከቦታው ባለማንሣታቸው ብልጥ ነበሩ። ናካታም በ2005 ወደ ሆሊውድ ተጠርቶ «ዘ ሪንግ ቱ»ን አዘጋጀ፤ ገንዘብ አስገባ እንጂ የመጀመሪያውን ያህል አልተወደደም። በዚያው ዓመት የእሱ ሌላ ፊልም «ዳርክ ዋተር» በዋልተር ሳሌስ እጅ ተሠራ፤ በ2006 የኪዮሺ ኩሮሳዋ ሥራ «ፐልስ» ሆኖ መጣ፤ በ2008 «ዋን ሚስድ ኮል» ወጥቶ ከሐያስያን ተግሣጽ እንጂ ምስጋና አላገኘም። እነዚህ ሲመጡ ሕጉንም ጥለውት ነበር። የቀራቸው የገረጣ ፊትና የረጠበ ፀጉር ነው፤ ያንን ደግሞ ተመልካቹ በ2002 ጠግቦታል።

በ2017 «ሪንግስ» የሚል ሌላ ተከታይ ሲወጣ ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ተለወጠ። በኢሜይል የሚላክ፣ አንድ ጊዜ ተጭኖ ለሺህ ሰው የሚደርስ ነገር ሆነ። ሬይኮ ግን ያን ዴክ ለመሸከም እጇ ዝሎ ነበር፤ አባቷ ቤት ድረስ ልትወስደው፣ ሽቦውን ልትሰካ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሲያይ ልታየው ነበር። ማባዛቱ ቀላል ሲሆን ምርጫው ቀላል ሆነ፤ እኔ በዚያ ፊልም አንዲት ጊዜ እንኳ አልፈራሁም።